የሽማግሌው የዘይት ግፊት

ሲስተር ሽማግሌውን እየነዱ በጋራዡ በር ሲገቡ፣ መካኒኩ የመጡበትን ጉዳይ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከፊታቸው አነበበው። ሲስተር ዕድሜ ልካቸውን አዋላጅ ሆነው የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሰፈሩ ሰው ከማዕረጋቸው በቀር በሌላ ስም የማይጠራቸው ሴት ናቸው። ሽማግሌው ደግሞ መኪናቸው ነው፤ ሻይ ጠብ ያለበት ወተት የመሰለ ቀለም ያለው፣ ክብ መብራቶቹ እንደ ተገረመ ሰው ዓይን የፈጠጡ አሮጌ መኪና። ሟች ባላቸው «ከእኔ ቀድሞ አይሞትም» እያሉ ሲምሉበት ኖረው፣ እሱም ቃላቸውን አክብሮላቸው ቀርቷል።

«ልጄ» አሉት ሞተሩን አጥፍተው ገና ከመሪው ሳይነሡ፣ «የሽማግሌው ግፊት ይወርዳል። ሁልጊዜ ቢሆን ደግ፤ ሲያሻው ይወርዳል፣ ሲያሻው ይመለሳል። ሰው ቢሆን ኖሮ ጨው አልሰው ነበር።»

መካኒኩ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም። የዘይት ግፊት ለሞተር፣ ደም ግፊት ለሰው እንደ ማለት መሆኑን እሱም እሳቸውም ያውቃሉ። ፖምፓው ዘይቱን ከሞተሩ ሥር ካለው ቋት ስቦ በየጠባቡ መንገድ ካላሯሯጠው ብረት በብረት ላይ ይሄዳል፤ ብረት ከብረት ጋር አንዴ ከተጣላ ደግሞ አስታራቂ የለውም። እንዲህ ያለ ወሬ ማንኛውንም መካኒክ ያሳስባል። ይህን መካኒክ አንገቱን ያስደፋው ግን ሌላ ነበር። ያንን ሞተር በቅርቡ ፈቶ የገጠመው ራሱ ነው፤ ከታመመም ወዲህ ብቻውን የገጠመው የመጀመሪያው ሞተር ነው።

ሕመሙ የመጣው አንድ ቀን ጠዋት፣ የሸሚዙን ቁልፍ በመቆለፍ ላይ ሳለ ነበር። ቀኝ እጁ ቁልፉን እንደ ያዘ፣ የመጣበትን ጉዳይ እንደ ረሳ ሰው ዝም ብሎ ቆመ። ሐኪሞቹ ጭንቅላትህ ውስጥ የተዘጋች ትንሽ የደም ሥር ናት፣ ተመስገን በል አሉት፤ እውነትም ምላሱ ወዲያው ተፈታ፣ እግሩም ውሎ አድሮ ቀና አለ። እጁ ግን እንደ ኮራ እንግዳ ከሁሉ ኋላ መጣ፤ ከመጣም በኋላ ሲደክመው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋራዡን ለጎማ መጋዘንነት ሲመኘው የኖረ ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ ደጅ መጥናት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። መካኒኩም ከራሱ ጋር ውል ገባ። የሽማግሌውን ሞተር ገጥሜው እንደ ድሮው ከሄደ እሠራለሁ፤ ካልሄደ የጋራዡን ቁልፍ ለጎማ ነጋዴው ሰጥቼ እቤቴ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቱ ባላመነው እጅ የሰው ነፍስ ለመንገድ አይሰጥም፣ አለ። ለነጋዴውም ቁርጡን በዚህ ቅዳሜ እነግርሃለሁ ብሎት ነበር። ሲስተር የመጡት ዓርብ ጠዋት ነው።

ይህን ውል ከእሱ ሌላ የምታውቀው እህቱ ብቻ ነበረች። እትዬ ከጋራዡ መግቢያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል መለዋወጫ ትሸጣለች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ፀጉሩ ከሸበተም በኋላ ሹራብ ደርብ ማለቷን አልተወችም። በእሷ ዘንድ አንዴ ይበቃል የሚባል ነገር የለም። በሩን ቆልፋ ትሄድና ተመልሳ ትገፋዋለች፤ ገመድ ቋጥራ በቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ ትደግማለች፤ ደህና እደሩ ብላ ከወጣች በኋላ ተመልሳ በበሩ ብቅ ትልና፣ ደህና እደሩ እሺ፣ ትላለች።

መካኒኩ ምርመራውን ከቀላሉ ጀመረ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ አየ፤ ዘይቱ ከልኩ ላይ ነው፣ ንጹሕም ነው። ፊልትሮው አዲስ ነው። ምናልባት የሚቀጥፈው በዳሽቦርዱ ላይ ያለው አሮጌ ጌጅ ይሆናል ብሎ፣ የራሱን መለኪያ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ጎን አገናኝቶ አስነሣው። አሙቆ፣ አፍጥኖ፣ መልሶም በዝግታ አዙሮ አየው። የመለኪያው መርፌ ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ከደጃፏ ሆና ደህና አይደል እንዴ ታዲያ አለች።

እሱን ግን ይህ ደህንነት ይበልጥ አስፈራው። ፊት ለፊት የመጣ በሽታ ይያዛል፤ የሚደበቀውን ማን ይይዘዋል? የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሐሳቡ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ተንከባለለ፤ ወደ ብሮንዚኖቹ። ትልቁ የሞተር ዘንግ የሚተኛባቸው እነዚያ ግማሽ ክብ ቀጫጭን ብረቶች ከዘንጉ ጋር የሚኖራቸው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። ክፍተቱ ከሰፋ ዘይቱ በዚያ ያመልጣል፤ ግፊቱም ይወድቃል። ያንን ክፍተት የለካው፣ ብሎኖቹንም ያጠበቀው ያ እጅ ነው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሞተሩ መውረድና ከአናቱ እስከ ሥሩ መፈታት እንዳለበት ተናገረ፤ አነጋገሩ ግን ስለ ሞተር የሚያወራ ሳይሆን መርዶ የሚነግር ሰው ዓይነት ነበር። እትዬ ወደ ክፍሏ ገብታ ሳጥኖች ማስተካከል ጀመረች።

ሲስተር ከተቀመጡበት የእንጨት ወንበር አልተነቃነቁም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻችተው ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ እስካሁን እኮ አንዲት ነገር አልጠየቅኸኝም። እኔ ምጥ ያዘኝ ብላ የመጣችውን ሁሉ ምላጭ ይዤ ብቀበል ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? መጀመሪያ እኮ ይጠየቃል። መቼ ጀመረሽ? ስትሄጂ ይብሳል ወይስ ስትቀመጪ? ምጥም እኮ የውሸት አለው።»

«እሺ ሲስተር፣ መቼ ጀመረዎት?»

«እኔን ምን ይጀምረኛል፣ ሽማግሌውን ነው እንጂ።»

ከመለዋወጫው ክፍል የእትዬ ሳቅ ተሰማ። ሲስተርም ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተው አወሩ። ከተማ ውስጥ ለገበያም ሆነ ለጉብኝት ሲሄዱ አንድም ቀን ግፊቱ ወርዶ አያውቅም። የሚወርደው ወደ እህታቸው ልጅ ቤት በሚወስደው ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ፣ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲነዱ ነው። መርፌው በመጀመሪያ ይርገበገባል፤ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ይተኛል። የመጀመሪያው ቀን ደንግጠው መንገድ ዳር አቆሙና፣ ሌላ የሚያደርጉት ቢያጡ ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ላጡ። በልተው ሲጨርሱ ሞተሩን ቢያስነሡት መርፌው ቀጥ አለ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ብርቱካኑን የግፊት መድኃኒት ነው ብለው ማመን ጀምረው ነበር።

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩ ሲያርፍ ዘይቱ ስለሚበርድና ስለሚወፍር ነው ግፊቱ የሚመለሰው፣ ብሮንዚን ሲበላ ጠባዩ እንዲህ ነው፣ ብሎ አስረዳቸው። ሲስተር በትዕግሥት ከሰሙት በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ አስከተሉ።

«አንድ ብርቱካን እስኪበላ ሞተር ይበርዳል?»

መካኒኩ ዓይኑን ወደ ሞተሩ መለሰ። አይበርድም። በዕድሜው ሙሉ የጋለ ሞተር ሲነካ የኖረ ሰው፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ እንደማይበርድ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያሻውም። ይህን ያላሰበው፣ ፍርሃቱ ከእሱ ቀድሞ ሲያስብ ስለ ነበረ ነው።

ከቀትር በኋላ ሦስቱም ወደ አውራ ጎዳናው ወጡ። መካኒኩ የመለኪያውን ቱቦ አርዝሞ ከሞተሩ በጎን መስኮት አስገባና መለኪያውን በጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ መንቀጥቀጡ እንዳይታይ በሁለት እጁ ያዘው። እትዬ ማንም ሳይጋብዛት ክፍሏን ቆልፋ፣ ሄዳ፣ ተመልሳ በሩን ገፍታ፣ ከኋላ ተቀመጠች። ሲስተር አንገታቸውን አስግገው፣ መሪውን እንደ ሕፃን ራስ በጥንቃቄ ይዘው ነዱ። ከተማው አልቆ መንገዱ ሲሰፋ ነዳጁን ረገጡት። የጭነት መኪኖች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ፤ አንዱ ሾፌር ማን እንደ ቀደመው ሲያይ ጥሩንባውን ማቆም አቃተው። እትዬ በየጠመዝማዛው ቀስ ይበሉ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ ትላለች።

«የኔ እመቤት» አሉ ሲስተር ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ «ቀስ ካልኩ አይታመምም። ዛሬ እኮ የወጣነው እንዲታመምልን ነው።»

ታመመላቸው። ረጅሙን ዳገት ወጥተው ሜዳው ላይ እንደ ገሠገሡ መርፌው መርገብገብ ጀመረ። መርፌው ጥቂት እንደ ማመንታት ብሎ ወደ ታች ተንሸራተተና ተኛ። መካኒኩ ያጥፉት አለ፤ ሲስተር ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው መኪናውን በራሱ ግስጋሴ መንገድ ዳር አሳረፉት። እትዬ በሩን ከፍታ ልትወርድ ስትል ወንድሟ በምልክት አስቆማት። ማረፍ አልፈለገም። ዘይቱ እንደ ጋለ፣ አሁኑኑ፣ ሞተሩን መልሰው እንዲያስነሡት ሲስተርን ለመነ።

ሞተሩ ተነሣ። መርፌውም እንደ ተጠራ ተማሪ ብድግ ብሎ ቆመ።

መካኒኩ መለኪያውን ከጭኑ አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ መልሶም አራቀው። ብሮንዚኑ ያው ብሮንዚን ነው፤ ዘይቱም ያው የጋለ ዘይት ነው። የሰፋ ክፍተት ቢኖር ዘይቱ አሁንም ባመለጠ ነበር፤ የተበላ ብረት በቅጽበት አይድንም። እንግዲህ ዘይቱ የሚያመልጥበት ቦታ የለም፤ ዘይቱ ቀድሞውኑ ከቋቱ እንዳይወጣ እየተከለከለ ነው። ፖምፓው በኃይል ሲስብ አንድ ነገር ተስቦ ይመጣና የቋቱን ማጥለያ ይሸፍነዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ያ ነገር ተላቆ ይወድቃል፤ ልክ ጎርፍ መውረጃ አፍ ላይ እንደሚለጠፍ ቅጠል። ይህን ሁሉ ለሴቶቹ ድምፁ እየፈጠነ አስረዳቸው።

«ትን እያለው ነው በለኛ» አሉ ሲስተር።

ወደ ጋራዡ በዝግታ ተመለሱ፤ በዝግታ ሲሄድ ሽማግሌው ምንም አላለውም። መካኒኩ ግን ደስታው ከከተማው መግቢያ አላለፈም። ቅጠሉ ምንድን ነው? በሞተር ውስጥ ቅጠል አይበቅልም፤ ሰው ካልተወው በቀር። አንድ ጨርቅ ረስቼ ዘግቼበት ይሆን? ጠዋት እጁን የከሰሰ ሰው አመሻሹ ላይ ልቡን ይከስስ ጀመር። የደከመ እጅ ቢያንስ ይታያል፤ የሚረሳ ልብ ግን መርሳቱንም ይረሳል። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ከማንም ቀድመው ደረሱ። አዋላጅ ሆኖ ወሊድ ላይ አለመገኘት አልለመደብኝም አሉ። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ድጋፍ አኖረለትና ዘይቱን አፈሰሰ። ከዚያም በጀርባው ተኝቶ ከሥሩ ገባ፤ የቋቱን ብሎኖች ተራ በተራ አላላ። የመጨረሻዎቹን ሲፈታ እጁ እንደ ልማዱ ዝሎ ነበር። ቋቱን በደረቱ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደና የእጅ መብራቱን ወደ ማጥለያው አበራ።

ጨርቅ አልነበረም። ከማጥለያው ወንፊት ጫፍ አንድ ረጅም፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቀይ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል፤ ግማሹ በወንፊቱ ላይ እንደ ምላስ ተኝቷል። መካኒኩ በሁለት ጣቱ ሲስበው ያለ አንዳች ትግል መጣለት። ሲሊኮን ነው፤ ከቱቦ ተጨምቆ የሚደርቅ ማሸጊያ።

ከመኪናው ሥር ተንሸራትቶ ወጣና ጥብጣቡን በመዳፉ ላይ አድርጎ ተመለከተው። ሥራውን ያስተማረው ሰው አጥባቂ ነበር፤ ለዘይት ቋት ጓርኒሲዮን የሚሉት የወረቀት ማሸጊያ ተቆርጦ፣ በላዩ ስስ ቅባት ተቀብቶ ይታሸጋል፣ ሲሊኮን ግን የሰነፍ መጋረጃ ነው፣ ይል ነበር። መካኒኩም በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከዚህ ትምህርት ወጥቶ አያውቅም፤ በጋራዡ ውስጥ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ቢፈለግ አይገኝም።

«ይህ የኔ አይደለም» አለ። ሰውን መክሰሱ አልነበረም፤ በቤቱ የማያውቀውን ኮፍያ ያገኘ ሰው ቃል ነበር።

ሲስተር ወደ ጥብጣቡ አዩ፤ ከዚያ ወደ እትዬ አዩ። ዕድሜ ልኳን ወሬ አቋርጣ ስትገባ የኖረችው እትዬ የሽርጧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ነበር።

«የኔ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሞተሩ በተዘጋበት ቀን መካኒኩ ቋቱን አጥቦ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ቅባቱን ቀብቶ ጓርኒሲዮኑን ካለበሰው በኋላ ደከመውና ለቀትር ዕረፍት ገባ። እትዬ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ማጠቢያ ስታሽግ ውላ፣ የተረፋት ቀይ ሲሊኮን በሽርጧ ኪስ ነበረ። በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ ያችን ወረቀት አየቻት። ያን ያህል ዘይት በዚህች ስስ ወረቀት ሊታገድ ነው? አለች በልቧ። በዚያው ጠዋት ማንኪያ ከወንድሟ እጅ ሲወድቅ፣ እሱም ማንም እንዳላየ አድርጎ ሲያነሣው አይታለች። ወረቀቱን በጥንቃቄ ገለጥ አድርጋ ሲሊኮኑን ዙሪያውን አጠጣችው፤ እንደ ልማዷም ደገመችው። ወንድሟ አይቶ እንዳይከፋው ብላ ግን ከውጭ በማይታየው በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ብቻ አደረገችው። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ነበረ መለሰች። እሱም ተነሥቶ መጣ፤ ምንም ሳይጠረጥር ቋቱን ገጠመው።

«በቅባቱ ላይ?» አለ መካኒኩ።

«ታዲያ በምን ላይ ላድርገው?»

«ሲሊኮን ቅባት ላይ አይጣበቅም፣ እትዬ።»

«አሁን አየሁታ።»

ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወጥቷል፤ የያዘው ነገር ስላልነበረም በጋለ ዘይት ታጥቦ ተላጠ። በውጭ በኩል ብታደርገው ኖሮ መካኒኩ ያኔውኑ አይቶ በጠረገው ነበር። ሽማግሌውን ትን ያስባለው የእትዬ ይሉኝታ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ እጅህን እንዳላመንኩት ታውቅ ነበራ።»

መካኒኩ ቅር ሊለው ይገባ እንደ ነበር ተሰማው፤ ቅሬታውንም በውስጡ ፈለገው። ያገኘው ግን ከጀርባው ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ ነገር ነው፤ ደረቱ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ።

«እኔስ መቼ አመንኩት፣ እትዬ» አለ፤ እየሳቀ በመሬቱ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሰው ሊሞት ነበር እኮ፣ ምን ያስቅሃል አለችው። ከዚያ ራሷም መያዝ አቃታትና በሽርጧ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለይታ የምታውቅ አትመስልም ነበር። ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ፣ እትብትም ቢሆን ሁለት ቦታ ይታሰራል፣ ግን በሚያውቅ ሰው ነው፣ አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። መካኒኩ ወደ መኪናው ሥር ተመልሶ፣ ከብሮንዚኖቹ አንዱን የያዘውን ክዳን ፈታ። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አዩ። ብሮንዚኑን በጨርቅ ጠርጎ በመብራቱ ፊት አዞረው። ገጹ ልክ እንዳስገባው ዕለት ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ ጭረት የለበትም፣ ነጥብ የለበትም። ክፍተቱን ደግሞ ለካው፤ ያኔ በለካው ልክ ነው። እጁ አሁንም ጥቂት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኔም ሲለካ እንዲሁ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። እየተንቀጠቀጠም ልኩን አልሳተም። መካኒኩ በዚያ በጠባቡ ቦታ፣ በዘይትና በብረት ሽታ መካከል፣ በጀርባው እንደ ተኛ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ለብዙ ጊዜ አንቆ የያዘው ትንፋሽ መሆኑን ያወቀው ሲወጣ ነው።

ክዳኑን መልሶ አጥብቆ፣ የሲሊኮኑን ቅሪት እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ለቅሞ፣ ማጥለያውን አጥቦ፣ አዲስ ወረቀት ቆረጠ። ስስ ቅባት ቀባ። እትዬ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከሩቅ ትመለከት ነበር፤ እጆቿ በራሳቸው ሥልጣን እንዳይንቀሳቀሱ እርስ በርስ ያሠረቻቸው ትመስላለች። መካኒኩ ቋቱን ደረቱ ላይ ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ቋቱን በብሎን መያዝ ሲጀምር የሚያብለጨልጩ ጥንድ ጫማዎች በጋራዡ በር ገብተው ከመኪናው አጠገብ ቆሙ።

ጎማ ነጋዴው ነው። ለሁሉም በየተራ ሰላምታ ሰጠ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ አየሩ ጠየቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ለሚታየው ጥንድ እግር ተናገረ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ቅዳሜ ብለውኝ ነበር። ምን ወሰኑ?»

ከመኪናው ሥር ብሎን ሲጠብቅ ተሰማ።

«ወስኛለሁ» አለ የመካኒኩ ድምፅ። «አንተ ለጎማህ ሌላ ቤት ፈልግለት፤ ይኼ ሰው አለበት። ከመጣህ አይቀር ደግሞ፣ እግርህ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ አቀብለኝማ። ትንሿን።»

ነጋዴው ወደ እትዬ አየ፤ ወደ ሲስተር አየ፤ ከሁለቱም ርዳታ አላገኘም። ሱሪውን በጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ አጎነበሰና ዘይት የነካውን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ተዘረጋው እጅ አቀበለው።